ሰነቴ ላይ ያነበብኩት መንገጭላ

ከጎባ በባሌ ተራሮች ፓርክ ወዳለው የሰነቴ አምባ መውጣት የጀመርነው ገና ሳይነጋ ነው። ኮሶው አለቀ፣ አስታው እያጠረ ሄደ፣ ከዚያ ሜዳው ወለል ብሎ ታየ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነን፤ ጅብራዎቹ ውርጭ ለብሰዋል። ከመኪና ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ትንፋሽ አጠረኝ።

ሥራዬ የሰው ጥርስ ማከም ነው፤ ወደ ባሌ የወሰደኝ ግን የቀይ ቀበሮ ጥርስ ነው። ብዙም ሳንቆይ አስጎብኚዬ «ዶክተር፣ ያቻትና! ጄዳላ ፈርዳ» አለኝ በሹክሹክታ። በኦሮምኛ «የፈረስ ቀበሮ» እንደማለት ነው፤ መውለጃቸው የደረሰ ባዝራዎችንና ላሞችን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ የወጣለት ስም ነው። ቀበሮዋ ሆዷን መሬት አስነክታ ተሳበች፣ ቆመች፣ እንደገና ተሳበች። ድንገት ዘላ አፍንጫዋን ጉድጓድ ውስጥ ሰደደች። ቀና ስትል አፏ ውስጥ ፍልፈል ይንፈራገጣል።

ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከሚበላው ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ነው። አፉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ክራንቻው በአማካይ 19 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ከኋላው የተደረደሩት ጥርሶች ትናንሽ ናቸው፣ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። በግ ፈጂ ነው ብሎ የሚያሳድደው ሰው ይህን አፍ አንድ ጊዜ በቅርብ ቢያየው ምንኛ በወደድኩ!

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስጎብኚዬ በዱላው ጫፍ ነጭ ነገር አሳየኝ። የቀይ ቀበሮ የታችኛው መንገጭላ ነበር፣ የቀኙ ግማሽ። «ይዩት እንጂ እንዳይወስዱት፣ የፓርኩ ነው» አለኝ። ጓንት አጠለቅኩና ተንበረከክሁ።

የቀይ ቀበሮ ጥርስ በጠቅላላው 42 ነው፦ ከላይ 20፣ ከታች 22። ስለዚህ በያዝኩት ግማሽ 11 መኖር ነበረበት። የፊቶቹ ረግፈዋል፤ ጉድጓዳቸው ግን ክፍት ነው፣ ጠርዙም ስለት አለው። ከሞተ በኋላ የወደቀ ጥርስ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ጉድጓዶቹንም ጨምሬ ቆጠርኩ፤ 10 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 10። የጎደለው ሦስተኛው፣ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ነው። በሕይወት እያለ ወልቆ ቢሆን አጥንቱ ሲሞላ ሸካራ ወይም ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ይቀር ነበር። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ልስልስ ያለ አጥንት ነው። ምናልባት ጥርሱ ከነጭራሹ አልተፈጠረም፤ አጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቶ እንደሆነ የሚለየው ግን ራጅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። ብዙ ሰው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ አይበቅልለትም፤ «ምንም አይደለም» ብዬ አሰናብተዋለሁ። እዚህ ግን እንደዚያ ብሎ ማለፍ አቃተኝ። ለአቅመ መራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ፣ በመንዝ ጓሳና በአርሲ ከፍታዎች ተበታትነዋል፤ እርሻው ሽቅብ በወጣ ቁጥር እርስ በርስ ተቆራርጠዋል። ጥቂት ሆነው የተነጠሉ እንስሳት ከዘመድ ጋር ይዋለዳሉ፤ ትርፍ ወይም የጎደለ ጥርስ ሲበዛም ተመራማሪ ይህን ይጠረጥራል። ያም ሆኖ ይህ ጥርስ በቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ እንደሚጎድል ከድሮ የታወቀ ስለሆነ በአንድ መንገጭላ መፍረድ አይቻልም።

«የሞተው በዚህ ነው?» አለኝ አስጎብኚዬ።

«አይደለም። ያለዚህ ጥርስ በደንብ ይበላል።»

«እኔስ የምፈራው ውሻ ነው» አለ፣ ቁልቁል ወደ መንደሩ እያየ። ልክ ነው። ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ደጋግሞ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

መንገጭላውን በነበረበት አኳኋን መለስኩት። አስጎብኚዬ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ከየት ቋጥኝ ሥር እንደሆነም መዘገበ፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሊያስረክብ። «የጎደለው ስንተኛው ነው ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ከታች በቀኝ፣ ሦስተኛው መንጋጋ» አልኩት፤ ቃል በቃል ጻፈው።