እጇን ለማታወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ፍለጋ

ልጄ ዝምተኛ ናት። ቤት ውስጥ ግን ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። ጨረቃ አንዳንዴ በቀን ለምን ትታያለች? እርሾ ሊጡን እንዴት ኩፍ ያደርገዋል? ያለቀ ባትሪ ውስጡ ምን ሆኖ ነው? ክፍል ውስጥ ግን መልሱን እያወቀችውም እጇን አታወጣም። የነበረችበት ትምህርት ቤት እስከ 6ኛ ብቻ ስለሆነ ለ7ኛ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ የግል ትምህርት ቤት መፈለግ ነበረብን።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ስለ አስተማሪው ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያይተው አይሰጡም። ጄኔራል ሳይንስ በሚባል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል፤ የሚለያዩት 9ኛ ላይ ነው። ስለዚህ የልጅቷ የሁለት ዓመት ሳይንስ በአንድ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። ያ ሰው ደግሞ የተመረቀው ከሦስቱ በአንዱ ሊሆን ይችላል። ባዮሎጂ የተማረ አስተማሪ የሕዋስን ክፍሎች በፍቅር አስተምሮ፣ ኤሌክትሪክ ላይ ሲደርስ በሩጫ ሊያልፈው ይችላል። የሄድኩበት ቦታ ሁሉ «ጄኔራል ሳይንስ የሚያስተምሩት በምን የተመረቁ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ቶሎ የመለሰልኝ ጥቂት ነው።

ሁሉም በር ላይ ግን ባነር አለ። ሚኒስትሪ መቶ በመቶ አሳልፈናል፣ ከነፎቶው። እኔ ለዚህ ብዙ ቦታ አልሰጠሁም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚያም ልጆች በጊዜያቸው 8ኛን አልፈው የመጡ ናቸው።

ላብራቶሪም ብዙ አይናገርም። አንዱ ጋ ቁልፉ እስኪገኝ ጠበቅን። ሲከፈት የሰው አጽም ሞዴል በፌስታል እንደተሸፈነ ቆሟል፣ ቢከሮቹ ላይ አቧራ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ላብራቶሪ አሳዩኝ ማለቴን ትቼ የተማሪ ደብተር አሳዩኝ ማለት ጀመርኩ። ለሚፈልግ ወላጅ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የሦስት ልጆች የሳይንስ ደብተር ጎን ለጎን ግለጡ። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆነ ልጆቹ ከሰሌዳ እየገለበጡ ነው። በመጨረሻ የመረጥነው ትምህርት ቤት ደብተሮቹ የተለያዩ ነበሩ። አንዷ ልጅ ባትሪና አምፖል ያገናኘችበትን ሥዕል ሠርታለች፤ ሽቦው በተሳሳተ ቦታ ነው የገባው። አስተማሪው ኤክስ አላደረገባትም። በቀይ እስክሪብቶ «ይበራል? ሞክሪውና ንገሪኝ» ብሎ ጽፎባታል።

የዝምታዋ ጉዳይ ከባዱ ነበር። «ልጄ ብዙ አታወራም» ስል አንድ ዳይሬክተር ሳቅ ብለው «አያስቡ፣ ሚኒ ሚዲያ እናስገባታለን፣ በሰልፍ ላይ ዜና ስታነብ ይለቃታል» አሉኝ። ቅንነታቸው ገብቶኛል። ግን ዝምታን እንደ ጉንፋን ነው ያዩት። ሌላኛዋ ርዕሰ መምህርት «በጽሑፍስ እንዴት ናት?» አሉኝ። ይሄን ጥያቄ ሌላ ማንም አልጠየቀኝም።

ተሳትፎ በምን እንደሚለካም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመቶው ውስጥ ለክላስ ፓርቲሲፔሽን የሚያዝ ነጥብ ካለ፣ እጅ በማውጣት ብቻ ነው የሚገኘው? እዚህኛው ጋ ጥያቄ ጽፎ መስጠትም ይቆጠራል። ልጄ አሁን ጥያቄዋን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ለቲቸሩ ትሰጣለች፤ እሱም ከጀርባው ጽፎ ይመልስላታል። በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት መሆኑንም አይቻለሁ። ሁሉም ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ አይፈታም።

ቋንቋውንም ልብ በሉ። 7ኛ ላይ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ አማርኛ መናገር ያስቀጣል። ድሮም ቃል የምትቆጥብ ልጅ እዚያ ብትገባ አፏን ጭራሽ ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ። እኔ የፈለግኩት ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ እንድታብላላው የሚፈቅድ አስተማሪ ነው።

የቀረው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ወርሃዊ ክፍያው፣ መመዝገቢያው፣ ዩኒፎርሙ፣ ሰርቪሱ ተደምሮ ይታይ፤ ወርሃዊው ብቻ ያታልላል። በኢንስፔክሽን፣ ማለትም መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሚመዝንበት ግምገማ፣ ከአራቱ ደረጃዎች የትኛውን እንዳገኙም ጠይቁ፤ 3 ወይም 4 ከሆነ መስፈርቱን አሟልተዋል ማለት ነው። በሳይንስ ስሙ የገነነ አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሰርቪሱ ሰፈራችን የሚደርሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ባለቤቴ ልቡ ሄዶ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ። እንቅልፏን ያልጠገበች ልጅ ምን ጥያቄ ትጠይቃለች? የመረጥነው በእግር የሚደረስ ነው። በተረፈው ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን። ሳይንስ ሙዚየምም ወስጃታለሁ፤ መውጣት እምቢ ብላ ተቸግሬአለሁ።

ትምህርት ቤቱ ጉድለት የለውም አልልም። የስፖርት ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ያህል ነው፣ ኢንተርኔቱም ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ከ8ኛ በላይም የለውም። እስከ 12ኛ የሚዘልቅ ብንመርጥ ሌላ ፍለጋ ይቀርልን ነበር፤ ግን ለነገው ብለን የዛሬውን አስተማሪ መተው አልፈለግንም። አሁን 8ኛ ደርሳለች፣ ለ9ኛ መጠያየቅ ጀምሬአለሁ። እዚያ ሳይንሱ ስለሚለያይ ደብተሩን የማየው የሦስት ትምህርት ነው። ፊዚክሱን መጀመሪያ።