ዜሮው የማን ነው? ከሱቃችን የሽያጭ መዝገብ የተማርኩት

የጥምቀት ግርግር እንዳለፈ ከአጎቴ ጋር ሱቃችንን ቆጠርን። ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ዓምና በዚህ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ ሳይነካ የተኛው እቃ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዞ ነበር፤ ዘንድሮ የቀረው ሁለት መደርደሪያ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ደስታው ሳይበርድብኝ ነው። ግን አስቀድሜ ልናዘዝ፦ እዚህ ለመድረስ ስል ያበላሸሁት ካስተካከልኩት ብዙም አያንስም።

ሱቁ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጣና ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሚኒ ማርኬት ነው። እኔ ሒሳብ አያያዝ ተምሬ፣ ሥራ እስካገኝ ልርዳ ብዬ ገብቼ እዚያው ቀረሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የድሮው መዝገባችን ሁሉንም «ሸቀጣ ሸቀጥ» ብሎ በአንድ ድምር ስለሚጽፍ አልረባንም። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተሸጠውን እቃ ሁሉ በየስሙ ማታ ማታ ኤክሴል ላይ መመዝገብ ጀመርን። ከዚያ ሁሉም የሚጀምርበትን የኤ፣ ቢ፣ ሲ ክፍፍል ሠራሁ፦ እቃውን ከሽያጩ ብር አንጻር ከላይ ወደ ታች መደርደር፣ ድምሩን እየደመሩ መውረድ፣ ከጠቅላላው ሽያጭ እስከ 80 በመቶ ያለውን ኤ፣ እስከ 95 ያለውን ቢ፣ የቀረውን ሲ ማለት። ሐሳቡ ሀብት በጥቂቶች እጅ መከማቸቱን ካጠናው ጣሊያናዊ ኢኮኖሚስት ከቪልፍሬዶ ፓሬቶ የመጣ ነው፤ ለእቃ ክምችት ያዋለው ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሆን ዘመኑም 1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ ሱቅ ከ412 ዓይነት እቃ ውስጥ 74ቱ ኤ ሆኑ። እዚህ ድረስ ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜ ይማረዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በሽያጭ ብር ብቻ አትደርድሩ። ስኳርና ዘይት ሁልጊዜ አናት ላይ ይወጣሉ፤ ትርፋቸው ግን የላስቲኩን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም ለማለት ይቃጣኛል። እኔ አሁን የምጠቀመው እቃው በዓመት ያስገባውን ትርፍ በላዩ ላይ ለታሰረው አማካይ ገንዘብ ማካፈልን ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ 2,000 ብር አስሮ በዓመት 6,000 ብር ካተረፈ እያንዳንዷ ብር ሦስት አምጥታለች። ሻምፑ 10,000 ብር አስሮ 3,000 ካተረፈ ብሯ ያመጣችው ሠላሳ ሳንቲም ነው። ሻምፑውን ማን አዘዘው እንዳትሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣዬ ልግባ፤ ሳይሸጥ በቀረ እቃ ስም ፊት መዝገቡ ላይ ወደሚጻፈው ዜሮ። መጀመሪያ ላይ ዜሮ ሳይ «አይሄድም» ብዬ ነበር የማነበው። ሦስት ሳምንት ዜሮ የተጻፈበት እቃ ካየሁ በቀይ ቀልሜ «ይቁም» እልበታለሁ። አጎቴ ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን ያይና «ይህኛው እኮ አልቆብን ነው» ይላል። አልሰማሁትም። ለካ ከቀይዎቹ ግማሽ ያህሉ ያልተሸጡት ስላልነበሩ ነው! የሽያጭ መዝገብ የተሸጠውን ይናገራል እንጂ ሰው ምን ፈልጎ መጥቶ ባዶ እጁን እንደተመለሰ አይናገርም። በጣም የሚፈለገው እቃ ቶሎ ያልቅና ዜሮ ይበዛበታል፤ እኔ ደግሞ ዜሮውን አይቼ ጭራሽ አስቀረዋለሁ።

መድኃኒቱ የሃምሳ ገጽ ደብተር ሆነ። ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ በክር አስረን አስቀመጥነው። «የለም» ባልን ቁጥር ቀኑንና የተጠየቀውን እንጽፋለን፤ ሌላ ምንም አንጽፍም። ካወቅኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው ይህን ደብተር ነው፤ ኤክሴልን ጨምሮ። አንድ ሻጭ ሦስት ሳምንት ሙሉ የባርኮድ ማንበቢያና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም አንድ ላይ ግዙ ብሎ ሲያስጨንቀን ከርሞ ነበር። ፕሮግራሙ መጥፎ ነው አልልም። «የለም» የሚለውን ግን አይመዘግብም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩ፣ ከዚያ ሌላው።

ሁለተኛው ዜሮ የጾም ነው። በዚህኛውስ ጉድ ሆኛለሁ። በ2017 ዓ.ም. የሚያዝያን ሽያጭ ከቀደመው ዓመት ሚያዝያ ጋር ሳስተያይ እንቁላልና እርጎ ዕጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። አዲስ ደንበኛ አገኘን ብዬ ሰንጠረዡን በቀለም አሳምሬ ለአጎቴ አሳየሁት። ሁለተኛ ፍሪጅ ለመግዛት ዋጋ ጠየቅን፣ የታሸገ ወተት በብዛት አዘዝን። ማንም አማኝ በጣቱ ቆጥሮ የሚያውቀውን እኔ ግን ረስቼዋለሁ፦ በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2017 ሚያዝያ 12። የመጀመሪያው ሚያዝያ 26 የጾም ቀን ነበረው፤ ሁለተኛው 11 ብቻ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ያገኘሁት «አዲስ ደንበኛ» የቆየው ደንበኛዬ ነበር፤ ጾም ፈትቶ ነው እንጂ። በሰኔ 2 ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ወተቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። አጎቴ «ሰውን ጾመ ብለህ ልትከሰው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ወተቱን ግን በኪሳራ የሸጥነው አብረን ነው።

ለነገሩ ኤክሴልም አላገዘኝም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 30/2/2017 ብዬ ስጽፍ የጥቅምት 30 ማለቴ ነው። እሱ የሚያውቀው ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪን ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የላትም። ስለዚህ ቀኑን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ወደ ግራ ያስጠጋውና ከድምሩ ያስወጣዋል። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። የጥቅምት መጨረሻ ገበያ ለምን ይሞታል እያልኩ ስንት ማታ እንደተከራከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያየ ዓምድ ይጻፋሉ፤ አራተኛው ዓምድ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል፦ ጾም ወይም ፍስክ። ከዚያ በኋላ ወርን ከወር ማስተያየት ተውኩ። የጾምን ቀን ከጾም ቀን፣ የፍስክን ከፍስክ አስተያያለሁ። እንቁላል በፍስክ ቀን ስንት ሄደ? ምስር፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የቲማቲም ድልህ በጾም ቀን ስንት? ሥዕሉ በአንድ ማታ ተለወጠ። በእርግጥ ተምር ይህን ዓምድ አይሰማም፤ እሱ የሚከተለው ረመዳንን ነው። በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን አብረው ስለገቡ ተምሩን የዐቢይ ጾም እቃ አድርጌ መድቤው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ተለያዩና ተሳሳትኩ። አሁን አምስተኛ ዓምድ አለን።

ሦስተኛው እንዲያውም ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ የሚመስል ትንሽ ቁጥር ነው። ጧፍ በሲ ዝርዝር ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ነበረች። ሐምሌ 2016 ላይ አስቀረኋት፤ ቦታዋን ለሻምፑ ሰጠሁ። (አዎ፣ ለዚያው ሻምፑ።) ወሩ በገባ በ23 አንዲት እናት ከጊዮርጊስ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ።

«ጧፍ ስጠኝ ልጄ።»

«የለም እማማ፤ ማምጣት አቁመናል።»

በእጃቸው ይዘውት የነበረውን የግማሽ ኪሎ ቡና ወደ ቦታው መለሱት። «እንግዲያውስ ሁሉንም ከዚያ ማዶ እገዛለሁ፤ ሁለት ቦታ ለምን እዞራለሁ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ ጧፍ ያለባቸውን የቆዩ ደረሰኞች አንድ በአንድ ለቀምኩ። አብዛኞቹ ላይ ቡና ወይም ስኳር አለ፤ በ12፣ በ21 እና በ23 ይበዛሉ። ጧፍ ብቻዋን ሳንቲም ነች፤ ይዛው የምትመጣው ዘንቢል ግን ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን እቃ ከማስቀረቴ በፊት አብሮት ምን እንደተገዛ አያለሁ። አድካሚ ነው፤ በየደረሰኙ መግባት ይጠይቃል። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ ብል ውሸት ነው።

ስለ አማካይ ቁጥርም የምለው አለኝ፤ አልወደውም። የባትሪ ድንጋይ በሳምንት በአማካይ ስድስት ፍሬ ይሄድልናል። ስድስት አስቀመጥኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ቅዳሜ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ነጋዴ አለ፤ ሃያ አራቱን በአንድ ጊዜ ያነሳል፣ በመካከሉ ማንም አይጠይቅም። ስድስት ፍሬ ሲያይ ሳቀና ሄደ። አሁን አንድ ሙሉ ካርቶን ለእሱ አስቀምጣለሁ፤ ስልኩንም ይዣለሁ። ይህን የትኛውም ሰንጠረዥ አልነገረኝም፤ አጎቴ ግን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው መደርደሪያው ሥር ሃያ ዓመት ከቆመ ሰው ጋር ካልተቀመጠ ይሳሳታል። ደግሞ በልበ ሙሉነት ነው የሚሳሳተው፤ ከራሴ አውቃለሁ።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። ትእዛዙን ከአሁኑ በአራተኛው ዓምድ ሠርቼዋለሁ፦ እርጎ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ይቀንሳል፣ ምስርና ድልህ ከሳምንት በፊት ይገባሉ፣ እንቁላል ከሆሳዕና በኋላ ለፋሲካ ይታዘዛል። ጧፍ ተመልሳለች። እማማ አልተመለሱም።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቶኛል፤ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የዱቤ እቃ ሽያጩ የሚጻፈው በተወሰደበት ቀን ነው ወይስ በተከፈለበት? እኔ በተወሰደበት ቀን እጽፋለሁ፤ ፍላጎቱ የታየው ያን ቀን ነውና። አጎቴ ግን ብሩ ካልገባ አልተሸጠም ባይ ነው። ስላልተስማማን ሁለት ፋይል ይዘናል፤ የእኔ የታኅሣሥ ሽያጭ ከእሱ ይበልጣል፣ የእሱ የጥር ከእኔ። ለአከፋፋዩ የምናሳየው የእሱን ነው።