ጸጥ ላለ የኤሌክትሪክ ጊታር ልምምድ ምን ዓይነት የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል?

ብሉቱዝን ከነጭራሹ ተዉት። ክሩን ከመታችሁ በኋላ ድምፁ ጆሯችሁ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ በዚህ ሁኔታ ሪትም መጠበቅ ያዳግታል። ባለ ገመድ ግዙ፤ ገመዱ 3 ሜትር ቢሆን እንደ ልብ ያንቀሳቅሳል።

ቀጥሎ ኢምፔዳንሱን፣ ማለትም ማዳመጫው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበትን በኦም የሚለካ መጠን እዩ። የትንንሽ አምፕሊፋየሮች የማዳመጫ መውጫ ጉልበቱ ደካማ ነው፤ ከ32 እስከ 80 ኦም ይስማማዋል። 250 ኦም ከሆነ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ብትከፍቱትም ድምፁ ሊያንስ ይችላል።

ጀርባው ክፍት የሆነው ማዳመጫ ጆሮ አያደክምም፣ ድምፁም ሰፋ ይላል፤ እኔ ለረጅም ልምምድ እሱን እመርጣለሁ። ግን ድምፅ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ አጠገባችሁ የተኛ ሰው ካለ ጀርባው ዝግ የሆነውን ውሰዱ።

ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን ኢፌክት) ስትከፍቱ ድምፁ እንደ ንብ መንጋ ከነዘረ ጥፋቱ የማዳመጫው አይደለም። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ያስቀረዋል፤ ማዳመጫ ግን ሁሉንም እንዳለ ያሰማል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ወይም የኢፌክት መሣሪያው ካቢኔት ሲሙሌሽን (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል ሥርዓት) ይኑረው፤ ይህ ከማዳመጫው ዋጋ በላይ ለውጥ ያመጣል።

ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ መውጫው ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ሊሆን ስለሚችል ከሞኖ ወደ ስቴሪዮ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። ማዳመጫውን የስፒከር መውጫ ላይ ግን በፍጹም አትሰኩ፤ ማዳመጫው ሊቃጠል፣ ጆሯችሁም ሊጎዳ ይችላል።