ይምርሐነ ክርስቶስ በአናጢ ዓይን

ስለ ላስታ አብያተ ክርስቲያናት ሲነሣ ወሬው ሁሉ ወደ ላሊበላ ያደላል። ቢያደላም አይፈረድበትም። እኔ ግን አናጢ ነኝ፤ ልቤ የቀረው ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ ተከልሎ በቆመው በይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 11 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ስሙ የለም። ብዙ ጎብኚም ጊዜ አጠረኝ ብሎ ይተወዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የላሊበላን ድንጋይ ያስነበበኝ እሱ ነውና።

በላሊበላ የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ያስተዋለ ሰው ያውቃል፤ አንዱ ረድፍ ወጣ፣ ቀጣዩ ገባ እያለ ከታች እስከ ላይ ይደረደራል። ከአንድ ወጥ ዐለት ለተፈለፈለ ቤት ይህ አሠራር አንዳች አይጨምርለትም። ግድግዳው ያለዚያም ይቆማል። ጠራቢዎቹ በድንጋይ ላይ ያስቀሩት የእንጨትና የድንጋይ ሕንፃን መልክ ነው፤ ከአክሱም ዘመን የወረሱትን። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት ክብ ክብ ራሶችም ከግድግዳ የሚወጡ የወራጅ እንጨቶችን ጫፍ ያሳያሉ። በይምርሐነ ክርስቶስ ግን እንጨቱ ራሱ አለ። ጥቁር ሠረገላ (በግድግዳው ውስጥ በአግድም የገባ እንጨት)፣ በላዩ የተለሰነ ነጭ የድንጋይ ረድፍ፣ እንደገና ጥቁር ሠረገላ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ይወጣል።

ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። በድንጋይና በጭቃ ብቻ የተነሣ ግድግዳ መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥ ይተረተራል። በየመካከሉ አግድም እንጨት ከገባበት ግን ጭነቱ ይከፋፈላል፤ ማዕዘን ላይ የተያያዙት ሠረገላዎችም ቤቱን እንደ መቀነት ጠፍረው ይይዙታል። የዋሻው ወለል ደግሞ ርጥብ ነው። ካህናቱ ከሥሩ ሐይቅ አለ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በረግረጉ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ ነው የቆመው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሥራ ተቀብዬ ብሆን ኖሮ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ያሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ፣ ንግሥናን ከክህነት ጋር አስተባብሮ የያዘ የዛጔ ንጉሥ ነው። መቃብሩም እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። በ1520ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስፍራውን አይቶ፣ ዋሻው ሦስት ትልልቅ መርከቦችን ከነምሰሶዎቻቸው ይይዛል ብሎ ጽፏል። ከበስተኋላ ተሳላሚ ሆነው መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን አፅም አለ፤ ከንፈሬን መጥጬ አለፍኩ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት እጄ አልታዘዘልኝም።

ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጨለማ ነው። አንድ አባት ጧፍ ለኩሰው ከፍ አደረጉልኝ። ጣራው ላይ አንዱ ክፍል ከሌላው የተለየ ንድፍ አለው፤ መስመሮቹ እየተጠላለፉ ከዕንጨት ተቀርጸዋል፣ በመካከላቸው የእንስሳት ምስል ብቅ ይላል። ከቅስቶቹ ላይ ደግሞ የጠቆረ ሥዕል አለ፤ በአገራችን ከተረፉት የግድግዳ ሥዕሎች በዕድሜ ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው። አንድ መጋጠሚያ ቀልቤን ስለሳበው፣

«አባ፣ በእጄ ልንካው?» አልኳቸው።

«በዓይንህ ዳስሰው፣ ልጄ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። የሁላችንም እጅ ላብና ቅባት አለው፤ እንጨት ደግሞ አይረሳም። የመስኮቶቹን መስቀሎች ግን አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደለም። ሠራተኛው አንዱን ሲጨርስ ለቀጣዩ አዲስ ሐሳብ ያዘ ማለት ነው። ማን እንደነበር ባውቅ ስሙን ለልጆቼ አስተምር ነበር።

ይህ ሁሉ እንጨት እስከ ዛሬ የቆየው ዋሻው ዝናብ ስላላደረሰበት ነው። በላሊበላ የብረት መጠለያ ያስፈለጋቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ይህኛው መጠለያውን ይዞ ነው የተሠራው። በዋሻው አፍ ላይ ያለው ግንብ በቅርብ ዘመን የተጨመረ ነው። ለመሄድ የምታስቡ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ በጥዱ ደን ውስጥ ላለው አቀበትም በቂ ጊዜ ስጡ። መንገዳችሁ በብልባላ በኩል ከሆነ ብልባላ ጊዮርጊስን ሳትሳለሙ አትለፉ። የንጉሡ ክብረ በዓል ጥቅምት 19 ቀን ነው፤ ለበረከት ያን ቀን፣ የእጅ ሥራውን ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየገጠሩ የቆዩ የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈርሱና በብሎኬት ሲተኩ፣ ወይም ስንጥቃቸው በሲሚንቶ ሲመረግ አያለሁ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ጭቃና ኖራ ርጥበትን ያስተነፍሳሉ፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነው ውኃ ድንጋዩን ያፈረፍራል፣ የተቀበረውን እንጨት ያበሰብሳል። የአጥቢያችሁ የሕንፃ ኮሚቴ ገንዘብ እያሰባሰበ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ኩንታል ሲሚንቶ ከመገዛቱ በፊት የቅርስ ጥገና ባለሙያ መጥቶ ግድግዳውን ይይ። በጭቃና በኖራ መሥራት የሚያውቅ ሽማግሌ ግንበኛ በአካባቢው ካለም ከጎኑ ወጣቶች መድባችሁ አሠሩት።