ጀበናውን የሠራው ማን ነው? የጥበብ መምህርነት በጅማ

በጅማ የእይታ ጥበብ ማስተማር ስጀምር ልጆቹ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ጀበና እና የጅሬንን ቤተ መንግሥት ይሥሉ ነበር። ሥዕሎቹ ያምራሉ። እያደር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ «ባህላችን» እያልን የምንኮራባቸውን ዕቃዎች የሚሠሩት ሰዎች በክፍላችን ውስጥ ቦታ የላቸውም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ፣ እንዳይጋባም ተደርጎ ለረጅም ዘመን ኖሯል። ቡናውን ከጀበናው እየቀዱ ባለእጇን መናቅ ያሳፍራል። የሙያ ሕይወቴን መንገድ ያስያዘው ይህ ነው።

አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ክፍል ገብተው እንዲያስተምሩ ጠየቅሁ። ተማሪዎቹ «መምህርት» ብለው እንዲጠሯቸው አስቀድመን ተስማማን። እሳቸው በአፋን ኦሮሞ ሲናገሩ ቋንቋውን የሚችሉት ልጆች ለሌሎቹ ይተረጉማሉ። አፈሩን ነፍተው የተፈጨ ገል ሲቀላቅሉበት ሁሉም ወደ ፊት ተጠጋ፤ ገል ካልገባበት ሸክላው ሲደርቅም ሲተኮስም በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጀበናውን ያለ ምንም መሣሪያ በጣታቸው አቁመው፣ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ አሹት። ከልጆቹ አንዱ «ይህን የት ተማሩት?» አላቸው። «ከእናቴ» አሉ፤ ቀጥለውም በልጅነታቸው ጎረቤት ውኃ ሲሰጣቸው ዕቃው እንዳይነካ በእጃቸው መዳፍ ላይ ይፈስላቸው እንደነበር ነገሩን። ክፍሉ ጸጥ አለ። የዚያን ቀን በተሣሉት ጀበናዎች ሁሉ ላይ የሠሪዋ እጆች ነበሩ።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው በጥብቅ የምለው አለ፦ ለባለሙያዋ አበል ይከፈል። ገንዘቡን በዓመቱ መጀመሪያ ከቁሳቁስ በጀት ጋር ማስያዝ ይቻላል። በነጻ አስደክሞ ስለ ፍትሕ ማስተማር አይሆንም።

ከፍ ካሉት ተማሪዎች ጋር ስለ ጅማ ታሪክ ወደሚናገር ቴአትር ገባን፤ እዚህ ነገሩ ከበደ። ጅማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው፤ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከምኒልክ ጋር ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ የጅማን የውስጥ አስተዳደር ያቆዩትን ንጉሥ ብልሃት እናስተምራለን፤ የተሸጡትንም ልናስታውስ ይገባል። አንዳንድ ወላጆች የቤተሰባቸው ስም እንዳይነሳ ሰጉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ የቴአትሩን ጽሑፍ ከልምምዱ በፊት አነበብንላቸው፣ የማንም ዘር የሚለይበትን ስም ከጽሑፉ ሰረዝን። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን እየነገሩን ጽሑፉ ዳበረ። ከባድ ታሪክ የሚነካ ሰው ወላጆችን ለምርቃት ቀን ብቻ መጥራት የለበትም።

ሌላው ፈተና የሰዓት ነው። ፈተና ሲቃረብ የጥበብ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። እኔ የረዳኝ ዓመታዊ ዕቅዱን ከዜግነት ትምህርት መምህሩ ጋር በጽሑፍ ማዘጋጀትና የተማሪዎቹን ሥራ በውጤት መመዘን ነበር፤ ነጥብ ያለውን ክፍለ ጊዜ ርእሰ መምህር በቀላሉ አይነካም።

አሁን በክረምት ሌሎች መምህራንን አሠለጥናለሁ። ለመጀመሪያው ቀን በየቀበሌያቸው የሚገኙ ጠራቢዎችን፣ ሸማኔዎችንና ሸክላ ሠሪዎችን በአካል አግኝተው፣ ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑትን መዝግበው እንዲመጡ አዝዛለሁ። የዓመቱ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው።