ከቁርጭምጭሚት በታች

ሥራዬ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው፤ የምሠራውም በስልክ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በሐኪምና በታካሚ መካከል እገባለሁ። ሁለቱንም አላያቸውም፤ ያለኝ ድምፃቸው ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ ከአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተደወለልኝ። ታካሚዋ ስኳር ያለባቸው እናት ናቸው። ነርሷ ምን እንዳመማቸው ስትጠይቅ «እግሬን ነው ልጄ፤ ከደነዘዘኝ ቆይቷል፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ አብጧል» አሉ። እኔ «ሌግ» ብዬ ተረጎምኩት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ያንን ቃል ተከትሎ ሄደ። ባትዎን ሲነኩት ያምዎታል? በቅርቡ ረጅም በረራ ነበረዎት? ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። እብጠትና ረጅም በረራ አንድ ላይ ሲሰማ ሐኪም ቶሎ የሚጠረጥረው የደም መርጋትን ነው፤ ነርሷም ስለ አልትራሳውንድ ማውራት ጀመረች። እናት ግን «ባቴ ምን ሆነና? አውራ ጣቴ ነው እንጂ» አሉ። እሱንም «ተምብ» አልኩት። ነርሷ ለአፍታ ዝም ብላ «ጣታቸው ምንም የለውም» አለችኝ። የምታየው የእጃቸውን ጣት ነበር።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። በሙያችን ደንብ አስተርጓሚ ስለ ራሱ የሚናገረው በሦስተኛ መደብ ነው፤ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ መጠየቅ ትፈልጋለች» ብዬ አስፈቀድኩና «እማማ፣ አውራ ጣትዎ የእጅዎ ነው የእግርዎ?» አልኳቸው።

«እግሬን አልኩሽ እኮ!»

ካልሲያቸው ወለቀ። ውስጥ እግራቸው ላይ፣ አውራ ጣታቸው ሥር ቁስል ነበር። ካልሲው ረጥቧል፤ እሳቸው አላወቁም።

ለእኛ ከታፋ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ሁሉ እግር ነው። እንግሊዝኛ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆርጠዋል፤ ከላይ ያለው ሌግ፣ ከታች ያለው ፉት። የአናቶሚ መምህራንማ ከዚህም ያጠብቡታል፤ ሌግ የሚሉት ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ብቻ ነው። እጅም እንዲሁ ነው፤ ሃንድ አንጓ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በላይ አርም ነው። «ክንድ» የሚል ቃል እያለን እንኳ ትከሻችን ሥር ሲያመን «እጄን» እንላለን። ጣት ደግሞ የእጅ ከሆነ ፊንገር፣ የእግር ከሆነ ቶ ይባላል፤ አውራ ጣትም በእጅ ላይ ተምብ፣ በእግር ላይ ቢግ ቶ ነው። ልጅ ሆነን «እግር ማለት ሌግ» ብለን በቃላችን ስንይዝ የተማርነው ስህተት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ስኳር ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ያ ግማሽ ከባድ ነው፤ ሕመሙ ነርቭን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ነውና፣ ቁስል ሳይሰማ ሊከርም ይችላል።

አሁን «እግሬን» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አስፈቅጄ «ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው በታች?» ሳልል አላልፍም። ወደ አማርኛ ስመልስም እንዲሁ፤ ሐኪሙ ፉት ሲል «እግርዎ» ብዬ አልተውም፣ «ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግርዎ» እላለሁ። ሶል ሲል «ውስጥ እግርዎ»።

የዚያን ቀን ጥሪ ገና አላለቀም ነበር። ሐኪሟ መጥታ የነርቩን ስሜት ልትለካ ነው፤ መለኪያው የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ቀጭን ናይለን ነው፣ ውስጥ እግርን ነካ ነካ እያደረጉ ታካሚውን የሚጠይቁበት። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉ» ብዬ አስተላለፍኩ። ጠበቅኩ። ሐኪሟ በዝቅተኛ ድምፅ ስትቆጥር ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ልጄ» አሉኝ እናት፣ «ጀመረች እንዴ?»