ከሥጋ ፋብሪካ ጋር የሠራሁት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት

በኦኩፔሽናል ቴራፒ (የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ተግባሩን ማከናወን እንዲችል በሚረዳው ሙያ) የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከኩባንያ ጋር መሥራት ሲነሣ አብዛኛው ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው። አይፈረድበትም። ካናዳ ውስጥ ማይታክስ የሚባለው ድርጅት የተማሪውን ክፍያ ከኩባንያው ጋር ስለሚጋራ ለብዙዎቻችን ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የጥናቱ ጥያቄ የማን ነው የሚለው ይቀድማል እላለሁ።

ጥናቴን የሠራሁት አልበርታ ውስጥ ካለ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ጋር ነው። በዚያ ክፍለ ሀገር በሚገኙ እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይሠራሉ፤ አማርኛ መናገሬም በር ከፍቶልኛል። ኩባንያው ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ እጃቸውን ታመው ቀለል ያለ ሥራ የተሰጣቸው ሠራተኞች ሕመሙ ለምን ያገረሽባቸዋል? አስተዳደሩ የሚፈልገው ቶሎ ወደ ቢላዋው እንዲመለሱ ነው። ሠራተኞቹ የሚፈልጉት ሌላ ነበር። አንዲት እናት «እህቴ፣ እዚህ እንደ ምንም እውላለሁ፤ ማታ ግን የልጄን ፀጉር መሥራት አቃተኝ» አለችኝ። ሌላዋ ሊጥ ማቡካት ካቆመች ቆይታለች።

በሙያችን የካናዳ የተግባር አፈጻጸም መለኪያ የሚባል መሣሪያ አለ። ሰውየው ራሱ የከበዱትን የዕለት ተግባራት ይጠራል፤ ከዚያም አፈጻጸሙንና እርካታውን ከ1 እስከ 10 ይመዝናል። ይህን መለኪያ በጥናቱ ውስጥ ለማስገባት ከኩባንያው ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። የቤት ውስጥ ሥራ እነርሱን አይመለከትም ባዮች ነበሩ። ያሳመናቸው ነገር ቀላል ነው፦ ፈረቃዋን ጨርሳ ቤቷ የምትገባ ሴት የምትጠቀመው በዚያው እጇ ነው፤ ማታ ያላረፈ እጅ ጠዋት ታሞ ይመጣል።

ለፋብሪካው ወገን ደግሞ ሙርና ጋርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡትን የጫና መለኪያ ተጠቀምሁ። መለኪያው የእጅን ሥራ በስድስት ነገሮች ይመዝናል፦ የጉልበቱ መጠን፣ ጉልበቱ የሚቆይበት ጊዜ፣ በደቂቃ የሚደጋገምበት ብዛት፣ የእጅ አንጓ አቀማመጥ፣ የሥራው ፍጥነት፣ በቀን የሚወስደው ሰዓት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የፈተኑት በአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ስለሆነ ለእኔ ቦታ የተመቸ ነበር።

መልሱ የተገኘው ከዚህ ነው። የፋብሪካው የቀላል ሥራዎች ዝርዝር የተዘጋጀው በኪሎ ነው፤ ከባድ ዕቃ የማይነሣበት ሥራ ሁሉ ቀላል ተብሏል። ካርቶን ማጠፍ፣ ተለጣፊ ወረቀት መላጥ፣ ትንንሽ ስብ መልቀም። አንዱም ክብደት የለውም፤ ሁሉም ግን አውራ ጣትና አመልካች ጣትን ቀኑን ሙሉ በብርድ ውስጥ ያስጨምቃሉ። የታመመውን ጅማት ከቢላዋ አውጥተው ለካርቶን ይሰጡታል ማለት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በክብደት ሳይሆን በአካል ክፍል እንደገና አዘጋጀነው፦ ለአውራ ጣት የሚከብድ፣ ለአንጓ የሚከብድ፣ ለትከሻ የሚከብድ እየተባለ። የቢላዋ ስለትም እንደ ጤና ጉዳይ እንዲታይ አሳሰብን፤ የደነዘ ቢላዋ የያዘ ሰው አጥብቆ መጨበጥ ግድ ይሆንበታል፣ በጓንት ላይ ጓንት ሲደረብበትማ ይብሳል።

ከኩባንያው ጋር በምትፈርሙት የጥናት ውል ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ኩባንያው በመጀመሪያው ረቂቅ ውጤቱ ከመታተሙ በፊት የመፍቀድና የመከልከል መብት ጠይቆ ነበር። አማካሪዬ በፍጹም አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ኩባንያው ጽሑፉን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያይና የንግድ ምስጢር ካለ ብቻ እንዲወጣ እንዲጠይቅ ተስማማን፤ ግኝቱን ግን መንካት አይችልም። ይህ ሳይፈረም መረጃ መሰብሰብ የሚጀምር ተማሪ የድካሙን ፍሬ በሰው እጅ አስቀምጧል።

ከዚህም የሚከብደው የሠራተኛው ፈቃድ ነው። ጥሪውን ያቀረበው ፈረቃ ኃላፊው ከሆነ እምቢ የሚል ማን ነው? በእኛ ጥናት ጥሪው የተለጠፈው በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ነበር፤ ቃለ መጠይቁም ከፋብሪካው ውጭ ተካሄደ። ብዙዎች የፈሩት የሚናገሩት ነገር ወደ ጉዳት ካሳ መዝገባቸው እንዳይገባ ነው፤ እንደማይገባ በአማርኛ ተጽፎ ተሰጣቸው። ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚሠሩበት ቦታ የተገኘውን መልስ ከሌላው ጋር አዋሕደን አቀረብን፤ አለዚያ አለቃው ተናጋሪውን ወዲያው ይለየዋል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ የሥነ ምግባር ኮሚቴው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።

የመመረቂያ ጽሑፉን ማንም ሥራ አስኪያጅ አያነበውም፤ ለእያንዳንዱ የፋብሪካው የሥራ መስመር ፎቶግራፍ ያለበት አንድ ገጽ አዘጋጁ። ለሠራተኞቹም በዕረፍት ክፍላቸው በቋንቋቸው ውጤቱን ንገሯቸው። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ሲሄድ ሥራውን የሚረከበው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የእኛን ዝርዝር የያዘችው የፋብሪካው ነርስ ናት፤ አዲስ ማሽን በገባ ቁጥር ሥራውን በስድስቱ መመዘኛዎች እየለካች ትጨምርበታለች።